ያለፈው ምኑ ነው?

ኤሌኒ አራተኛው ካርቶን ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ከጧት ጀምሮ ከመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ከፋሲካ ጋር ቆጠራ ላይ ነበሩ። ፋሲካ መሰላል ላይ ወጥታ የመድኃኒቱን ስምና ቀን ታነባለች፤ ኤሌኒ ቀኑ ያለፈበትን ለይታ በቀይ ማርከር ካርቶኑ ላይ ትጽፍበታለች። ሦስቱን ሳታስብ ነበር የጻፈችባቸው። አራተኛው የሕፃናት ሽሮፕ ነው። "ኤክስፓየርድ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፋ የመጨረሻዋን ፊደል ስትዘጋ፣ የገዛ እጇን ጽሑፍ እንደ ሰው ጽሑፍ አፍጥጣ አየችው።

"ምነው? ቀኑን ተሳሳትሁ እንዴ?" አለች ፋሲካ ከላይ ሆና።

ኤሌኒ ማርከሩን አስቀመጠች። እዚያው ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

"ፋሲካ፣ ትናንት አያ ካሴ ይዘውት የመጡት ወረቀት ላይ የነበረው ይኸው ቃል ነው።"

"የትኛው ወረቀት?"

"የዘነበች። ዓረብ አገር ሞተች ያልሁሽ የአክስቴ ልጅ።"

ትናንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የዘነበች አጎት አያ ካሴ ከአንበሳሜ ወዲህ ካለው መንደራቸው ተነሥተው ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያው ድረስ መጥተው ነበር። በደጁ ሃያ የሚሆን በሽተኛ ተሰልፏል። ሰውየው ተራ ሳይጠብቁ ገብተው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጧት። ዘነበች ከምትሠራበት ከተማ፣ ጓደኛዋ የእብናቷ ዙለይካ የላከችው የአንድ ወረቀት ፎቶ ነው። ከፎቶው ጋር አንድም ቃል አልተጻፈም። ወረቀቱ አብዛኛው ዓረብኛ ሆኖ፣ በእንግሊዝኛ ያለው የዘነበች ስም፣ የፓስፖርቷ ቁጥር፣ አንድ ቀንና በቀይ ማኅተም የተመታ ያ ቃል ብቻ ነበር። ከቃሉ በላይ ያለውን መስመር የፎቶ አንሺዋ አውራ ጣት ሸፍኖታል።

ኤሌኒ ነርስ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አምስቱን ያሳለፈችው በትልቅ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነበር። እዚያ ያ ቃል በበሽተኛ ካርድ ላይ ከሰፈረ በኋላ ሌላ ነገር አይጻፍም። ሐኪሞቹ "ሞተ" ማለት ሲከብዳቸው እሱን ይጽፋሉ። ስንቱን ካርድ በዚያ ቃል ዘግታ ወደ መዝገብ ቤት መልሳለች። ስለዚህ ትናንት ቃሉን አነበበችው ለማለት ይቸግራል። ገና ስታየው ዐወቀችው።

"ምን ይላል ልጄ?" ብለው ነበር አያ ካሴ።

"እስኪ ይቀመጡ፣ አያ።"

ተቀመጥ የተባለ ሰው ቀሪውን ያውቀዋል። አያ ካሴ አልተቀመጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለናቷ አንዲት ቃል እንዳታወጪ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን" ብለው ወጡ።

ነገ ቅዳሜ ነው።

ፋሲካ ከመሰላሉ ወረደች። "እና ሞታለች ወይስ አልሞተችም?"

"አላውቅም። ቃሉ ለሰውም ይሆናል፣ ለሽሮፕም ይሆናል። ለመኖሪያ ፈቃድም ይሆናል፤ ጊዜው ያለፈበት ለማለት። ሁሉንም ዐውቅ ነበር እኮ! ግን ትናንት አንዱ ብቻ መጣልኝ።"

ኤሌኒ አያ ካሴ ጋ ደወለች። ከአገልግሎት ክልል ውጭ ናቸው። ከእሳቸው የወሰደችው የዙለይካ ቁጥር ጋ ደወለች። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። አምስት ጊዜ ሞከረች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

"ሄደሽ ምን ልትያቸው ነው?" አለች ፋሲካ። "ምናልባት አለች ብለሽ፣ ኋላ ሞታ ብትገኝስ? እናቷን ሁለት ጊዜ መግደል አይሆንም?"

"እሺ አልሄድሁም እንበል። በሕይወት እያለች ነገ ቢያለቅሱላትስ?"

ኤሌኒ ነጭ ጋዋኗን አውልቃ መንጠቆው ላይ ሰቀለችና ወጣች።

መናኸሪያ ስትደርስ ወደ አንበሳሜ በኩል የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ብቻ ነበር። የዕለቱ የመጨረሻ መኪና ስለሆነ ሰዉ ተሻምቶ ሞልቶታል። ረዳቱ ከኋላ ወንበር ከአንድ የጤፍ ጆንያ ጎን አስገባት። መኪናው ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ለፍተሻ ቆመ። በቆመ ቁጥር ሰዉ ወርዶ መታወቂያ ያሳያል፤ እሷ ሰዓቷን ታያለች።

ጆንያውን ተደግፋ ቃሉን በልቧ ስትገለብጠው የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቷ ትዝ አላት። ያን ጊዜ ይህንኑ ቃል ሲማሩት ከሞት ጋር አልተገናኘም። መምህራቸው ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ "ሥሩ ላቲን ነው፤ ትንፋሽን ወደ ውጭ ማውጣት ማለት ነው። ሳንባ አየር ያስገባል፣ ከዚያ ኤክስፓየር ያደርጋል" ብለው ነበር። አንዱ ተማሪ፣ "እንግዲያ በቀን ሃያ ሺህ ጊዜ እንሞታለን ማለት ነዋ!" ብሎ ክፍሉን አስቋል። እሷም ስቃለች። ዘነበች በዚያ ዓመት ነበር ዐሥረኛ ክፍልን አቋርጣ ወደ ዓረብ አገር የሄደችው። ልብሷን በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛ ስትሰናበታት፣ "አንቺ ተማሪልን፣ እኔ ልሥራላችሁ" ብላት ነበር። ያ የተማረችው ትምህርት ትናንት ዘነበችን በሦስት ደቂቃ ቀበራት።

ከመኪናው ወርዳ ከዋናው መንገድ መንደሩ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄደች። ገብሱ ደርሷል፤ ግራና ቀኙ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ በነፋስ ይተኛል። አያ ካሴ ግቢ ስትገባ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከአጥሩ ሥር የዕድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ቤት ውስጥ አራት ሽማግሎች መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው የደብሩ መሪጌታ አዳነ አሉበት። አያ ካሴ ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

"እንዴት በዛሬው መጣሽ? ነገ ጧት አይደል የተባባልነው?"

"አያ፣ ያንን ወረቀት ተሳስቼ አንብቤው ይሆናል።"

አያ ካሴ ጠጋ አሏት።

"ምን አልሽ?"

"ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። ሰው ሲሞት ይባላል። የወረቀት፣ የመድኃኒት ጊዜ ሲያልፍም ይባላል። የትኛው እንደሆነ አላጣራሁም።"

"ስለዚህ አልሞተችም?" አሉ አንዱ ሽማግሌ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው።

"እሱንም አላውቅም።"

አያ ካሴ ዱላቸውን መሬቱ ላይ መቱት። "ትናንት ሞታለች፣ ዛሬ አላውቅም! ልጄ፣ ይህ እኮ የሰው ነፍስ ነው። ለእብናት ዘመድ መልእክተኛ ልከናል። ሐሙሲት ያሉት ዘመዶችም ሰምተዋል፤ ነገ ጎህ ሳይቀድ ይደርሳሉ። አሁን ምን በል ነው የምትይኝ? ከመካከላችን የተማርሽው አንቺ ነበርሽ፤ ቃልሽን አምኜ አገር ጠራሁ።"

ኤሌኒ አንገቷን ደፋች። እውነታቸውን ነው።

መሪጌታ አዳነ ግን በእርጋታ ጠየቋት። "የቃሉ ዘር ምንድን ነው? ከምን ይወጣል?"

"ከመተንፈስ ነው፣ መሪጌታ። ትንፋሽን ወደ ውጭ ማውጣት።"

"እህ!" አሉ ሽማግሌው፤ ጺማቸውን ያዙ። "የኛስ መች ተለየ? ነፍስ የምንላት ከነፈሰ ወጥታ አይደል? ሟቹን 'ዐረፈ' እንላለን፤ ከእርሻ የተመለሰውንም ገበሬ 'ዐረፈ' እንላለን። 'አለፈ' ብንልም እንደዚያው ነው፤ ሰውም ያልፋል፣ ቀንም ያልፋል። ቃል ብቻውን አይፈረድበትም፤ ባለቤቱ ይፈለጋል። እስኪ ንገሪን፣ ያለፈው ምኑ ነው? ሰውዋ ናት ወይስ ወረቀቱ?"

"ባለቤቱ የተጻፈበትን መስመር ጣት ሸፍኖታል።"

"እንግዲያ ተኮንነን ቀረን" አሉ አያ ካሴ። "ብናረዳት፣ ልጇ ቆማ ሳለች ሙሾ እናስወርዳታለን። ዝም ብንል ደግሞ፣ ሞታ ከሆነ፣ አገር ሁሉ ዐውቆ እናት ብቻ ሳታውቅ ትሰነብታለች። ይህም ነውር ነው።"

"እናት ብቻ ምን ሳታውቅ?"

ድምፁ የመጣው ከበሩ ነው። የዘነበች እናት አሰለፈች ማጭዷን እንደያዘች ቆማለች። ቀሚሷ ላይ የገብስ ጭድ ተጣብቋል። አንዱ ሽማግሌ ቦታ ሊለቁላት ተነሡ፤ እሷ ግን አልገባችም።

"ከትናንት ጀምሮ ሰው ዓይኔን አያይም" አለች። "ዛሬ ጧት ሳልጠራቸው ዐሥር ሰው መጥቶ ገብሴን አጨደልኝ። ለምን ስላቸው 'ዝም ብለን ነው' ይሉኛል። በአገራችን ዝም ተብሎ ደቦ የሚወጣው ለማን እንደሆነ እኔም ዐውቃለሁ። ደጅ ላይ ደግሞ ድንኳን አየሁ።"

"አይ አሰለፈች፣ ለሌላ ጉዳይ ነው…" አሉ አያ ካሴ።

አሰለፈች አልሰማቻቸውም። ኤሌኒን ነበር የምታየው።

"አንቺ በሥራ ቀን ምን አመጣሽ? ዘነበች ናት?"

አያ ካሴ ከጎን ሆነው ለኤሌኒ እጃቸውን አወዛወዙ። ዝም በይ ማለታቸው ነው። ኤሌኒ በሆስፒታል ዘመኗ ብዙ እናት ፊት ቆማለች፤ ሁልጊዜ ግን እርግጡን ይዛ ነበር። አሁን በእጇ ያለው ጥርጣሬ ብቻ ነው።

"እትየ፣ ከዓረብ አገር ወረቀት መጥቷል" አለች። "እኔ ነኝ ያነበብሁት። ሞታለች ይላል አልሁ። ዛሬ ሳስበው ሌላም ሊል ይችላል። የቱ እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ይህንኑ ነው፤ የደበቅሁዎ የለም።"

ማጭዱ ከአሰለፈች እጅ ወደቀ። ለመውደቅ ስታዘነብል መሪጌታ ክንዷን ያዟት። አላለቀሰችም።

"ወረቀቱን አንብቢልኝ" አለች በመጨረሻ። "ከላይ እስከ ታች። እዚያ ያለውን ሁሉ።"

አያ ካሴ ስልካቸውን አውጥተው ሰጧት። ኤሌኒ እንደ ተማሪ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። "ስም፣ ዘነበች። የአባት ስም አለ። የፓስፖርት ቁጥር አለ። ከዚያ ያ ቃል። ከጎኑ ቀን አለ፤ በፈረንጅ ኦክቶበር ዐሥር።"

"በኛስ?"

ኤሌኒ በጣቷ ቆጠረች። "መስከረም ሠላሳ።"

አሰለፈች ቀና አለች። "መስከረም ሠላሳ ሞተች ነው የሚል?"

"ሞታ ከሆነ፣ አዎ፣ ያን ዕለት።"

"ጥቅምት አቦ ዕለት እኮ አነጋግራኛለች!"

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ጥቅምት አቦ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነው።

"እርግጠኛ ነሽ? በዓሉን እንዳታሳስቺ" አሉ አያ ካሴ።

"የልጄን ድምፅ ነው የምስት ወይስ አቦን? ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጉብታው ላይ ነው የደወለችልኝ። ጠበሉ በእጄ ነበር። ድምፅዋ ፈርቷል። ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አሠሪዋ ሴትዮ አላድስም ብላት ከቤቷ ወጥታለች። 'እማየ፣ ወረቀቴ አልፏል፤ ፖሊስ እንዳያገኘኝ ከተጠጋሁበት አልወጣም' አለችኝ። ለሰው አታውሪ ስላለችኝ በሆዴ ያዝሁት።"

"ያለፈው ወረቀቱ ነው" አሉ መሪጌታ አዳነ። አማተቡ።

ሽማግሎቹ አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። አንዱ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ ሌላው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። አሰለፈች ግን ፊቷ አልተፈታም።

"ለእብናት ላካችሁ፤ ሐሙሲት ሰማ። የአገሩ ሰው ሁሉ ገብሴን እያጨደ ያዝንልኝ ነበር። እኔ ደጃችሁ ነኝ። አንድ ጊዜ፣ 'ልጅሽ መቼ ነው የደወለችልሽ' ብላችሁ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

ኤሌኒ ማጭዱን ከመሬት አንሥታ ያዘችው፤ የምታደርገው ስላጣች ነው።

ጉብታው ላይ ኔትወርክ አለ። ኤሌኒ፣ አሰለፈችና አያ ካሴ ብርሃኑ ሳይጠፋ ወጡ። ኤሌኒ ቁጥሩን ልትመታ ስትል ስልኩ በእጇ ጮኸ።

"እህቴ፣ ስንት ጊዜ ነው የደወልሽ! ማዳም ስልኬን ይዛብኝ ነበር" አለች ዙለይካ ቶሎ ቶሎ። "ወረቀቱ ደረሳችሁ?"

"ዙለይካ፣ ዘነበች አለች?"

"የት ትሄዳለች?"

"በሕይወት አለች ወይ ነው የምልሽ!"

"ኧረ አላህ ይጠብቃት! ማን ሞተች አላችሁ? እስር ቤት ናት እንጂ። ፖሊስ ከያዛት ዘጠኝ ቀኗ ነው። ያ የላክሁት የኢቃማዋ ማለቂያ ነው። ላስረዳችሁ ስል ማዳም መጣችብኝ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ስልኩን አልሰጠችኝም። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ደብቃዋለች። ኢትዮጵያዊት መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት ከቀበሌ አውጡና ላኩላት፤ ኤምባሲው ወደ አገሯ የምትመለስበትን መሸኛ የሚሰጣት በእሱ ነው። እስከ ማክሰኞ ካልደረሰ ወደ ሩቅ እስር ቤት ይወስዷቸዋል፤ እዚያ የገባ ቶሎ አይወጣም። ሁለት ቀን ዝም ስትሉኝ ጨክነውባታል አልሁ።"

ኤሌኒ ስልኩን ለአሰለፈች ሰጠቻት። አሰለፈች እልል አላለችም። ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማች። "በላች ወይ? ትበላለች ወይ?" ብላ ብቻ ጠየቀች። ከዚያ ስልኩን መልሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ኤሌኒ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። አሰለፈች እጇን አልገፋችውም፤ አልያዘችውምም።

ወደ መንደሩ ሲወርዱ አያ ካሴ ኤሌኒን ወደ ኋላ አስቀሯት።

"ስሚኝ ልጄ" አሉ ዝግ ብለው። "ነገ ጎህ ሲቀድ ሕዝቡ ይመጣል። ስህተቱ ከዚያው ከዓረብ አገር ነው የመጣ እንለዋለን። ሐሰትም አይሆንም፤ ወረቀቱ ከዚያ ነው የመጣ። አንቺን አናነሣም።"

"ለምን፣ አያ?"

"ነርስ ነሽ። የዚህ አገር ሰው ደብረ ታቦር ሲታመም አንቺን ብሎ ነው የሚሄድ። አንድ ቃል ማንበብ አቃታት ከተባለ፣ ነገ መድኃኒት ስትሰጪው ማን ይውጥልሻል? ስምሽን ጠብቂ። እኔም አብሬሽ ነው የምዋረድ።"

ኤሌኒ መራመዷን ቀጠለች። የተናገሩት ለእሷ ብለው መሆኑን ታውቃለች። ከዚህም በላይ፣ እውነት ነው፤ ሰዉ ይጠራጠራታል። ያን ሌሊት አሰለፈች ቤት አደረች።

ሲነጋ አሰለፈች ቀድማ ተነሥታ የዘነበችን የክርስትና ወረቀትና የስምንተኛ ክፍል ካርድ ከሣጥን አውጥታ በጨርቅ ጠቅልላለች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራው ቀበሌ ሲከፈት ደጁ ላይ ለመገኘት ጫማዋን አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ውጭ ጉም አለ። ከአያ ካሴ ግቢ የሽማግሎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ለሚመጣው ሰው ምን እንደሚሉ ቃላቸውን እያስማሙ ነው።

ኤሌኒ ነጠላዋን ለበሰችና ወደ በሩ ሄደች።

"የት ነሽ?" አለች አሰለፈች።

"መንገዱ አፍ ላይ እቆማለሁ፣ እትየ። ሌላ ሰው ሳይነግራቸው።"

አሰለፈች የጨርቁን ጥቅልል አነሣች። "ቶሎ ተመለሺ" አለች። "ቀበሌ ያለው ጸሐፊ ሲያነብ አጠገቤ እንድትቆሚ እፈልጋለሁ።"

የሐሙሲት ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ወጥተው ዳገቱን ሲወጡ ታዩ። ሃያ ይሆናሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀውታል፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው። ከፊት አንዲት ባልቴት በዘንግ እየተመሩ ይመጣሉ፤ ከሩቁ ደረታቸውን መምታት ጀምረዋል። ከግቢው በኩል አያ ካሴ እየተጣደፉ ብቅ አሉና ኤሌኒን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

ኤሌኒ ወርዳ ባልቴቷን መንገድ ላይ ተቀበለቻቸው። ጉልበታቸውን ሳመች።

"እማማ፣ ነጠላዎን ይመልሱት" አለች፤ ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ዘነበች አልሞተችም። ሞታለች ብዬ ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ነርሷ ኤሌኒ።"